በሩን የያዘው እጅ

«ጥፍሩ ትንሽ ይርዘም» አለች አለቃ፣ በሠዓሊው ትከሻ ላይ አጮልቃ ስክሪኑን እያየች።

ሠዓሊው ብዕሩን አነሳና አስረዘመው። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ቢሆኑም «አለቃ» ነው የሚሏት፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ ኋላ ስም ሆኖ ቀረ። ጨዋታውን ያሰበችውም ኮዱን የጻፈችውም እሷ ናት። ሦስተኛው ድምፅ ሠሪው ነው። እሱ ጓዳውን በላዩ ላይ ዘግቶ ማይክሮፎን ፊት ካሮት ይሰብራል፤ ሲቀዳ የአጥንት ስብራት ይመስላል።

ጨዋታው የሚያስፈራ ነው። ተጫዋቹ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ እስኪነጋ መትረፍ አለበት፤ ውጭ ያለው ነገር በዘመድ ድምፅ እየጠራ በር ያስከፍታል፣ የከፈተ አለቀለት። ሽፋኑ ዛሬ ጨዋታው የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ላይ መጫን አለበት። መደብሩ ላይ ደግሞ ሽፋን ማለት ከቴምብር የማትበልጥ ሥዕል ናት፣ ከብዙ መሰሎቿ ጋር የምትጋፋ፣ ገዢ ዓይኑን ጣል አድርጎባት የሚያልፍ። ስለዚህ አለቃ ሕግ አላት፤ አንድ ነገር፣ አንድ ብርሃን፣ አጭር ርዕስ። ሥዕሉን ስልኳ ላይ አሳንሳ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁማ፣ እስከ ክፍሉ ጫፍ ትሄድና ዓይኗን አጥብባ ታየዋለች። ከዚያ ሆና ካልደነገጠች ሽፋኑ አይወጣም።

የዛሬው አንድ ነገር እጅ ነው። ገርበብ ያለ በር ጠርዝ ላይ ከውጭ ገብቶ የያዘ እጅ።

ጠዋት አይታው ያምራል ብላ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው ብላ ነበር። ይሄ እጅ የሚደገፈው የፈለገ ነው የሚመስለው፣ ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም አለች። እውነቷን ነው። እጁ የሠዓሊው እናት እጅ ነው።

ይህን አልነገራትም። ሊደብቃት አስቦ አይደለም፤ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም ካልጠየቁት የሚናገር ሰው አይደለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። ጉልበቷ ሲከዳት እናቱ የመኝታ ቤቷን በር ተደግፋ ቆማ ነበርና ብርሃኑ ደስ ብሎት በስልኩ አነሳት፤ እጁን የሠራው ከዚያ ፎቶ ነው። ሠዓሊ እንዲህ ነው፤ እናቱ ልትወድቅ ስትል እሱ ብርሃን ያያል።

ካረፈች ወር አልሞላትም። ዘመድ ሲያለቅስ እሱ ወንበር ይደረድር ነበር። አክስቱ «አይ ወንድ ልጅ፣ ቻለው እኮ» አለች። እሱ ግን የቻለው ነገር የለም፤ የሚቻል ነገር አልመጣለትም። ድንጋይ ሆኜ ቀረሁ ይሆን ብሎ ማሰቡ እንኳ አላስደነገጠውም። አሁንም ሽፋኑ እንዲህ ሆኖ ከወጣ የእናቱ እጅ ስንቱ ሰው በር የሚዘጋበት እጅ ሆኖ ሊቀር ነው። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ እጁ መሥራቱን አላቆመም።

ቆዳውን አገረጣው፣ ደም ሥሩን አጠቆረው። አለቃ ሥዕሉ ላይ ያለችውን ቀለበት በጣቷ ጠቆመች።

«እሷን አጥፋት። ሥዕሉ ሲያንስ ቢጫ ነጥብ ትሆንና ዓይን ትስባለች።»

ሆስፒታል የእናቱ ጣት አብጦ ይህች ቀለበት አልወጣ ብላ ነበር። እህቱ በሳሙና እያሸች፣ እያለቀሰች አወጣቻት። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነብ ነበር። አሁን ብዕሩን መለስ ቀለስ ሲያደርገው ጠፋች። የሆነ ነገር ይመጣል ብሎ ትንሽ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

አለቃ ስልኳን መስኮቱ ላይ አቁማ ወደ ኋላ ሄደች፣ ዞር አለች፣ ትከሻዋ ሽምቅቅ አለ። ደስ አላት። በቃ ይጫን ብላ ጀርባውን ቸብ አደረገችውና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ጨዋታው ሲያልቅ የሚወጣውን ምስጋና እየጻፈች ነበር፤ እጇን ያዋሰችንን ሰው እንዳንረሳ ብላ፣ እንደ ዋዛ ጠየቀችው።

«የማን እጅ ነው ለመሆኑ?»

«የእማዬ።»

አለቃ ቀብር ላይ ነበረች። ለቅሶም ደርሳለች።

እሱ ስክሪኑን ነው የሚያየው። እናቱ አንድ ቀን ጥፍሯን ሳትከረክም ሰው ፊት ወጥታ አታውቅም፤ እሱንም ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ሳይቀር እጁን ገልብጣ ትፈትሸው ነበር።

«ይሄን ጥፍር ብታይ» አለ፣ «መጀመሪያ እኔን ነበር የምትገድለኝ።»

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። አለቃም ሳታስበው አብራው ሳቀችና ወዲያው አፈረች። ከዚያ ተነስታ ወጣች፣ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ በጠርዙ በኩል የራሷ እጅ ገባ፣ ጥፍሩ የተበላ፣ የእስክሪብቶ ቀለም የነካው።

«የኔን አንሳ» አለች ከውጭ ሆና። «የሷን አውጣው። የኔን እንደፈለግህ አበላሸው።»

ስልኩን አውጥቶ ወደ በሩ አነጣጠረ። ምስሉ ደበዘዘበት። ሌንሱ የቆሸሸ መስሎት በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና እንደገና አነሳው።

«አነሳህ?»

«ቆይ» አለ። አሁንም አልጠራለትም።