የመጨረሻዋ ሰሌዳ

ታናሽ ወንድሙን ከቀበረ ሦስት ወር ሊሆነው ነው፤ ኬሚስቱ ግን እንባ ጠብ አላለውም። ልቡ ደንዝዟል። ጠዋት ይመጣል፣ ጋውኑን ይለብሳል፣ ሲመሽ ይሄዳል።

ሁለቱ ወንድማማቾች ይደክሙለት የነበረው ፕላስቲክ እንደ ብረት ይጠነክራል። ተፈጭቶ ሲግል ደግሞ ውስጡ ያሉት ማያያዣዎች ይላቀቁና እንደገና ይያያዛሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ታናሹ "መቶ ጊዜ ብትሰብረው መቶ ጊዜ ይነሳል!" እያለ ይምል ነበር። ሳይሞክረው ሞተ። ቅመማውን በልኩ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበርና ከዚያ ፕላስቲክ የተሠራች አንዲት ሰማያዊ ሰሌዳ ብቻ ቀረች።

"ሰብረህ መልሰህ ካልሠራሃት ሥራው ይዘጋል" አለው ኃላፊው። "እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።"

"አልሰብራትም።"

"ወንድሜ፣ እሷ እኮ ፕላስቲክ ናት።"

"አልሰብራትም አልኩ።"

በየሰኞው ጥንካሬ መለኪያው ላይ አድርጎ፣ እንዳትሰበር በቀስታ ይጫናታል። ቁጥሩ ሁሌም ያው ነው። መዝግቦ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍባታል።

የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን የሟች ሚስት ናት። አንድ ቀን ኬሚስቱ እጅጌዋ ላይ ሰማያዊ ብናኝ አየ። በሳምንቱ መፍጫውን ቢነካው ሞቋል።

"ምን ፈጭተሽ ነው?"

"ቁርጥራጭ ነው፣ ጋሼ።" ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

የጥበቃው ሰውዬም ጠጋ ብሎ ሹክ አለው። "እኔ ወሬ አልወድም፤ ግን ከተፎካካሪያችን ፋብሪካ ለእሷ ይደወላል። ስልኩን የማገናኛት እኔ ነኝ።"

ኬሚስቱ አልተናደደም። እንኳን መናደድ፣ መገረምም አቃተው። ሐሙስ ለምሳ የወጣ መስሎ ከደረጃው ተመለሰ።

መሳቢያው ክፍት ነው፤ ባሏ ይይዘው የነበረው ቁልፍ ተሰክቶበታል። ሰሌዳዋ የለችም። የወንድሙ ሚስት ዱቄት አግሎ የሚያትመው መጫኛ አጠገብ ቆማ ሰማያዊ ዱቄት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ታፈሳለች።

"ለእነሱ ልትሰጪው ነው?" አለ ቀስ ብሎ። "የባልሽን የመጨረሻ ሥራ?"

ዱቄቱን አስተካከለች፣ መጫኛውን ዘጋች፣ ሙቀቱን ከፈተች። ከዚያ ዞረች።

"ቢደውሉም እምቢ ብያቸዋለሁ። የቀብሩ ማግስት ነው የሰበርኳት፣ ጋሼ። ባለፈው ሰኞ የለካሃት ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ተፈጭታ የተሠራችው ናት።"