የተገለበጠ ኮሌታ

አልጋው ላይ ሁለት ክምር ልብስ ነበር፤ አንዱ የሚቀር፣ አንዱ የሚሰጥ። ታናሽየዋ ከእንግዲህ ጥቂት ልብስ ይዛ፣ እሱኑ እየጠገነች ልትኖር ቆርጣለች። ይህ ኑሮን እንዴት እንደሚያቀል ስታስረዳ፣ ታላቅ እህቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ልብሱን ታጥፋለች።

"እሰይ የኔ እናት! እኔማ ዘመናዊ መሆኔን ሳላውቀው ነው የኖርኩት" አለቻት።

ታናሽየዋ እየሳቀች ነጩን ሸሚዝ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ሥራ የጀመረች ለት እህቷ "ከሱቅ ነው፣ ለአንቺ ብዬ" ብላ የሰጠቻት ነው። ኮሌታው አንገቷ ጋ ስለነተበ፣ ፈትታ ልትገለብጠው አሰበች፤ ያልተነካው ወገን ወደ ውጭ ሲዞር ሸሚዙ አዲስ ይመስላል። ክሩን በምላጭ እየበጠሰች ኮሌታውን አላቀቀችና ገለበጠችው። ያኛውም ወገን ነትቧል። ለካ ይህ ኮሌታ እሷ እጅ ሳይገባ በፊት አንዴ ተገልብጦ ኖሯል። ሸሚዙን የሰጠቻት ሰሞን እህቷ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሹራቧን ከላይዋ አታወልቅም ነበር። "ውይ፣ እኔን ይበርደኛል" ትል ነበር። ከሹራቡ ሥር ሸሚዝ እንዳልነበረ አሁን ገና ገባት።

"ምነው? እሱንም ከሚሰጠው ጋር ልቀላቅለው?" አለች ታላቅየዋ እጇን ዘርግታ።

ታናሽየዋ የነተበውን ወገን በመዳፏ ሸፈነችው።

"ኧረ ተይ እንጂ እታለም" አለች፣ "አዲሱን ሸሚዜን?"