ማንም ያልተቀመጠበት

ትናንት የሐይቁ ነፋስ የባለጀልባውን ጀልባ ከነታሰረበት ድንጋይ ጎትቶ ከዓለት ጋር አላትሞበታል። ዛሬ ከባድ መልሕቅ ካላገኘ ጀልባው አይተርፍም። ቁራሌው ያመጣለት ግን ሲሚንቶ የተሞላ የሽንት ቤት መቀመጫ ነበር።

ባለጀልባው አፍንጫውን ያዘ። «ስንቱ የተቀመጠበትን? ዓሣ በምናወጣበት ሐይቅ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አዲስ ነው! ለሆቴሉ ሲያራግፉት ተሰንጥቆ ነው የጣሉት። ማንም አልተቀመጠበትም።»

«ቢሆንም ይቀፋል።» ገመዱን በጨርቅ ይዞ አሰረበትና ፊቱን አዙሮ ወደ ውሃው ገፋው። ነፋሱ መጣ፤ ጀልባው ንቅንቅ አላለም። ባለጀልባው ግን እንትፍ እንትፍ አለ። እጁን በሐይቁ ውሃ ደጋግሞ አሸ፤ ከዚያ እፍኝ ሙሉ ቀድቶ አፉን ይጉመጠመጥ ጀመር።

ቁራሌው ሸምበቆው ሥር ወዳለው ቱቦ አመለከተ። «ጋሼ፣ የሆቴሉ ሽንት ቤት የሚፈሰው እኮ እዚህ ነው።»

የባለጀልባው ጉንጮች ገና በውሃ እንደተነፉ ነበሩ።