እንደተጻፈልኝ አነበብኩ

ከንቲባው ማይኩን በሁለት ጣቱ መታ መታ ያደርጋል። አዳራሹ ውስጥ መቶ ሃምሳ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው ያለው ግን የፊቱ ሁለት ረድፍ ላይ ብቻ ነው። እነሱም የሰፈሩ ሰዎች አይደሉም። ወንበር እንዲሞሉ ጠዋት በስልክ የተጠሩ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ያዛጋሉ።

እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ሜጋፎኔን አቅፌ ቆሜያለሁ። የከተማው ለፋፊ ነኝ። ክትባት፣ ግብር፣ የጽዳት ዘመቻ፣ የጠፋ ልጅ፣ ሁሉም በኔ አፍ ነው የሚያልፈው፤ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። ስድስት ከንቲባ ሲመጣ ሲሄድ አይቻለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ፌስቡክ ላይ ፊቴ አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም። ሜጋፎኑ ግን ወጥቷል።

የዛሬው ስብሰባ የኛ ሰፈር ነው። ያለችንን አንዲት የውኃ ቦኖ ነቅለው ወደ አዲሱ መናኸሪያ ሊወስዷት ነው፤ ነዋሪው ከተቃወመ ይቀራል ተብሏል። ጥሪውን ማክሰኞ ለት የኮሙኒኬሽኑ ካሚል ጽፎ ሰጠኝ። «እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ይላል። ቢሮ ላለው ሰው እሁድ እረፍት ነው። ለኛ ሰፈር እሁድ ማለት የሰንበቴ ገበያ ነው። ሰፈሩ በፍየል ነው የሚኖረው፤ ጎህ ሳይቀድ ወንዱም ሴቱም ሰንበቴ በሚወርደው አይሱዙ ላይ ነው።

ካሚል ይህን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። አልነገርኩትም።

አምና ነግሬው ነበር። የከብት ክትባቱን ቀን ሲጽፍ፣ ከብቱ በሙሉ ለግጦሽ ጨፋ ሜዳ ወርዶ በሚከርምበት ወር አደረገው። «ቀኑ ልክ አይመስለኝም» አልኩት በቀስታ። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለኝ፣ ቢሮው ሙሉ ሰው እያለ። ልጄ የሚሆን ሰው። «ስድስት» አልኩ። «በቃ የተጻፈልህን አንብብ።» ሳቁ። ሻይ የምታመላልሰዋ ሳትቀር ሳቀች።

ስለዚህ ማክሰኞ የተጻፈልኝን አነበብኩ። «እሁድማ ሰንበቴ ነው! ንገርልን እንጂ!» ብለው ከየደጁ ጮኹብኝ። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። አያ ጀሊል ይነግርልናል ብለው ፍየላቸውን ጭነው ሄዱ። እኔ ደግሞ፣ ወንበሩ ባዶ ይሁንና ካሚል ከንቲባው ፊት ይቅለል፤ ሰው ከሌለ ስብሰባውም ይቀራል፤ ብዬ ነው ያልነገርኩት።

እውነትም ካሚልን አልቦታል። ደስ እያለኝ አየዋለሁ።

ዓዲላ ገባች። ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት፤ የምትሸጠው ፍየል የላትም። ቢጫ ጀሪካኗን በሩ ላይ አስቀምጣ አዳራሹን ቃኘች።

«አያ ጀሊል፣ ነምኒ ኤሳ? ሰዉ የት ገባ?»

«ሰንበቴ ነዋ።»

«አልነገርክላቸውም?»

ሜጋፎኑን ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው አዛውረዋለሁ።

ከንቲባው ሰዓቱን ያያል። «ለሰፈሩ አልተነገረም እንዴ?»

ካሚል ወደ ኋላ ዞሮ ይፈልገኛል። «ጋሼ አብዱልጀሊል፣ እስቲ ንገራቸው።» ጋሼ! ዛሬ ገና።

«ተነግሯል» እላለሁ። «ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ። እንደተጻፈልኝ ነው ያነበብኩት።» የመጨረሻዋን ጠበቅ አደርጋታለሁ፣ ትውጋልኝ ብዬ።

አልወጋችውም። ካሚል እፎይ ይላል። የከንቲባውም ፊት ይፈካል።

«ሦስት ጊዜ ተነግሮት ከቀረማ ተቃውሞ የለውም ማለት ነው። ኒካህ ላይ ልጂቱ ዝም ካለች እሺ ብላለች አይደል የሚባለው?»

የፊቱ ረድፍ ይስቃል።

«ልጂቱ እቤት ካለች ነዋ!» ትላለች ዓዲላ ካለችበት ሆና። «ሰንበቴ የሄደችውን ማን ጠይቋት ነው ዝም ያለችው?»

ይሄን ጊዜ የበለጠ ይሳቃል። ከንቲባው ራሱ ይስቃል። «ጎበዝ እናት! አንድ ተቃውሞ ይመዝገብ» ይላል። «የሚደግፍ?»

እጅ ይወጣል። የግብር ሰብሳቢው እጅ፣ የሾፌሩ እጅ፣ ሻይ የምታመላልሰዋ እጅ።

«ክቡር ከንቲባ፣» እላለሁ፤ ድምፄ ያለ ሜጋፎን ቀጭን ነው። «ዛሬ እኮ ገበያ ስለሆነ...»

«ጋሼ፣ ያንተ ቃል ተመዝግቧል» ይለኛል ካሚል። «ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ። ጽፌዋለሁ።»

ዓዲላ ታየኛለች። አትሰድበኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ካሚል ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥቂት መስመር ይጽፍና ያመጣልኛል። «ነዋሪው በውኃ አገልግሎቱ ዝውውር ላይ ተወያይቶ በአብላጫ ድምፅ ተስማምቷል» ይላል ወረቀቱ።

«ሰንበቴ ናቸው አልክ አይደል?» ይለኛል ትከሻዬን መታ አድርጎ። «እንግዲያው ሲመለሱ፣ አሥር ሰዓት ላይ አንብብላቸው። ያኔ ሁሉም ይሰማል።»

ወረቀቱን እንደ ልማዴ ስህተት እፈልግበታለሁ። ቀኑ ልክ ነው። ሰዓቱ ልክ ነው። ዛሬ አንድም አላገኘሁበትም።

ዓዲላ ጀሪካኗን አንስታ ወጥታለች። ወደ ቦኖው መታጠፊያ እስክትደርስ ድረስ ባዶው ጀሪካን ጉልበቷን ሲመታ ይሰማኛል።