የዳይሬክተሩ ድንኳን

ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር በሠላሳ ዓመት ትዳሩ የገዛ ካልሲውን ፈልጎ አግኝቶ አያውቅም። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሃያ ቀን የእግር ጉዞ እንሂድ ስትለው ደስ አለው፤ ቦርሳውንም ያዘጋጀችለት እሷው ነች።

የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ድንኳኑን አንተ ትከል አለችው። ካስማው የቱ፣ ገመዱ የቱ፣ ሁሉም ዞረበት። አንድ ሰዓት ፈጀ። የቀቀለው ሩዝ አረረ፤ እሷ ግን በላችው።

በማግስቱም ያው ነው። ምድጃ ማቀጣጠል፣ ድስት ማጠብ፣ የተቀደደ ሱሪ መስፋት፣ ዕቃውን ጠቅልሎ በየቦታው መክተት፣ ሁሉንም ለእሱ ተወችለት። ሲያኮርፍ ታግሳ ደግማ ታሳየዋለች። በሦስተኛው ቀን ተናደደና ምን ነካሽ አላት።

«ነገ እኔ ባልኖርስ?» አለችው።

ይቺ ቃል ከሆዱ አልወጣ አለች። ከመነሳታቸው በፊት ለሦስት ቀን ያህል ከሰዓት በኋላ እየወጣች የት እንደምትውል አልነገረችውም። ስልኳ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ራቅ ብላ በሹክሹክታ ታወራለች። አንድ ቀን ደግሞ ወንዝ ዳር ብቻዋን ስታለቅስ አያት። ዳገቱን ትንፋሽ ሳያጥራት ከፊቱ ትወጣለች፤ ይህንንም ሕመሟን ልትደብቀው ነው ብሎ ተረጎመው። ሰውዬው አንዴ ካመነ አመነ ነው።

ፈራ። ያለ እሷ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልቻለም። ቢሆንም ልቧ አርፎ እንድትሄድ ብሎ ጥርሱን ነክሶ ተማረ። እጁ ተፍታታ። ሩዙም ማረሩን ተወ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ድንኳኑን ነቅሎ ዕቃውን ለመሸከፍ ሃያ ደቂቃ በቃው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሰዓቷን ይዛ ቆመች። ድንኳኑ ታጠፈ፣ ድስቱ ታጠበ፣ ሁለቱም ቦርሳ ታሰረ። ስምንት ደቂቃ።

«አሁን ራስህን ቻልክ» አለችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከእንግዲህ አልሳቀቅም።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እንዳላመሰገናት ትዝ አለው። ሁለት እጇን ያዘ።

«ሐኪሙ ስንት ጊዜ ቀረሽ አለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ግራ ተጋብታ ትኩር ብላ አየችው።

«የምን ሐኪም?» አለች። «ቤት ተከራይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያልተውኩህ ጦምህን ታድራለህ ብዬ ነው።»