ቪትዝና ስዊፍት በገረሴ ዳገት

አቶ ካሳ ጡረታ በወጡ ሰሞን ቤታቸውን እንደ መሥሪያ ቤት ያስተዳድሩት ጀመር።

ከጎጃም ተመድበው አርባ ምንጭ ከመጡ ወዲህ በሚኖሩበት በሴቻ ሰፈር ያልመሩት ኮሚቴ አልነበረም። አሁን የቀሯቸው ተሰብሳቢ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለቴ ብቻ ናቸው። ጠዋት የዕለቱን የወጥ ዕቅድ ይጠይቋቸዋል፤ ከምሳ በኋላ ግምገማ ይቀመጣሉ። ሽሮው ላይ የታየ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ ቀጣይ አቅጣጫ። ወይዘሮ ወለቴ ጨዋ ናቸውና ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ።

ከዚህ ሥራ ያፈናቀላቸው መኪና ነው።

አቶ ካሳ ነጭ ቪትዝ አላቸው። ከእነሱ ዝቅ ብሎ የሚኖሩት ጡረተኛው ርዕሰ መምህር አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደግሞ ቀይ ስዊፍት አላቸው። ሁለቱ ሰዎች ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። አንድ እሁድ ግን ወይዘሮ ወለቴ ከሰንበቴ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ። ምን ሆንሽ ቢባሉ ባልናገረው ይሻላል አሉ። ሲጨቀጨቁ ጊዜ የሰሙትን ተናገሩ፤ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ "የካሳ ቪትዝ ከአፀደ ሕፃናት ልጅ ለማመላለስ ነው እንጂ የሴቻን ዳገት ሳያቃስት አይወጣም" ብለዋል አሉ።

የዚያን ቀን ግምገማ አልነበረም። አቶ ካሳ ጉርሻቸውን ትተው ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወረዱ፤ መካኒኩ ኤርጫፎ ጋራዥ።

ኤርጫፎ ቁጥብ ሰው ነው። የተባለውን አዳምጦ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ በሚያጓራ ቀየረላቸው። ቪትዟ እያጓራች ሴቻን ስትወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አጀባት። አቶ ካሳ ከእንግዲህ ሰውዬው አፉን ይይዛል ብለው አሰቡ። ሳምንት ሳይሞላ ስዊፍቷም ማጓራት ጀመረች፤ ያውም በወፍራሙ።

አቶ ካሳ ሰፋፊ ጎማና የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስገጠሙ። ስዊፍቷም አብረቀረቀች። ቪትዟ ኋላ ላይ ክንፍ አስተከሉ። ስዊፍቷም ክንፍ አወጣች። በመጨረሻ ሞላዎቹን አስቆርጠው መኪናዋን ወደ መሬት አስጠጓት፤ በሦስተኛው ቀን ስዊፍቷ እንደ እንቁራሪት ተለጥፋ በበራቸው አለፈች።

ይሄኔ ነገሩ ገባቸው። ሚስጥር እየወጣ ነው። የሚያውቀው ደግሞ ኤርጫፎ ብቻ ነው። ጠርተው መረመሩት። ኤርጫፎ ስዊፍቷ የምትሠራው መናኸሪያ አጠገብ ባለ ሌላ ጋራዥ መሆኑን፣ እሱ ለማንም ትንፍሽ አለማለቱን በእናቱ ስም ማለላቸው። አላመኑትም። ብዙ ኮሚቴ የመራ ሰው የማለ ሁሉ አያታልለውም።

ማታ ማታ ብሶታቸውን ለወይዘሮ ወለቴ ያወራሉ። ስለ ፊልትሮው፣ ስለ ሞላው፣ ነገ ሊያስገጥሙ ስላሰቡት ሁሉ። ወይዘሮ ወለቴ ስለ መኪና አንዳች አያውቁምና ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ እሳቸውም በትዕግሥት ደጋግመው ያስረዳሉ።

አንዳንዴ ግን ወይዘሮ ወለቴ ያሳዝኗቸዋል። ከጋራዥ ሳይታሰብ ሲመለሱ ሚስታቸው ሬዲዮ ከፍተው ብቻቸውን ሲያንጎራጉሩ ያገኟቸዋል። አንድ ቀን እንዲያውም በጠራራ ፀሐይ ሶፋ ላይ ተዘርረው ተኝተው አገኟቸው። ብቸኝነት ነው፣ መኪና ባሏን ነጠቃት ብለው አዘኑ። ቢሆንም ክብር ነውና ወደ ኋላ አላሉም።

ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ወለቴ የመጨረሻውን ወሬ አመጡ። ሰውዬው፣ "ወንድ ከሆነ በገረሴ ዳገት ይሞክረኝ" ብሏል አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱም ከከተማ ወጥተው ዳገቱ ሥር ተገኙ። ሰላምታ አልተለዋወጡም። መኪኖቹ እያጓሩ ተነሡ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ መሐሉ ላይ የጭነት መኪኖች የተውት ጉብታ አለው። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ቪትዟ በሆዷ ጉብታው ላይ ተቀመጠች። ልታልፋት የሞከረችው ስዊፍትም ከጎኗ ተቀመጠች። የሁለቱም ጎማ በባዶው ይሽከረከር ጀመር።

ገብስና ነጭ ሽንኩርት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ሸክማቸውን አውርደው መኪኖቹን ዞረው አዩና፣

"እነዚህን መኪና እግራቸውን ማን ነው የቆረጠው?" ሲሉ ጠየቁ።

ገበያተኛው ሊያነሣቸው ሲሰባሰብ ሁለቱ ጡረተኞች አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"አፀደ ሕፃናት ያሉኝን ግን አልረሳሁትም" አሉ አቶ ካሳ።

"እኔ?" አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። "የኔን የልብስ ስፌት መኪና ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

አቶ ካሳ በሚካኤል ማሉ። አቶ ሀብተጊዮርጊስም በጊዮርጊስ። ሁለቱም እንዲህ ተባለ ሲባል ሰሙ እንጂ ከራሱ ከተናጋሪው አፍ አልሰሙም። ከዚያ አቶ ካሳ ጣታቸውን አነሡ፤ ጥፋተኞቹ ጋራዦቹ ናቸው። ሁለቱ ጋራዦች ተመሳጥረው፣ ወሬ እያመላለሱ፣ ሁለት ጨዋ ሰው ሲያልቡ ከረሙ። ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ያን ጊዜ አንቱታው ቀረ፤ አንተ ተባባሉ፣ ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ መኪኖቹንም ሊሸጡ ተስማሙ።

አቶ ካሳ አቧራ ለብሰው ቤት ገቡ። ወይዘሮ ወለቴን አጠገባቸው አስቀምጠው እጃቸውን ያዙ።

"ወለቴ፣ ይቅር በይኝ" አሉ። "ከሀብቴ ጋር ታርቀናል። መኪናዋም ትሸጣለች። ብቻሽን ትቼሽ ከረምኩ፤ ከነገ ጀምሮ ከቤት አልወጣም።"

የወይዘሮ ወለቴ ዓይን እንባ ሞላ። የአቶ ካሳም እንባቸው መጣ። ግንባራቸውን ስመዋቸው ሊታጠቡ ገቡ።

ወይዘሮ ወለቴ የውሃውን ድምፅ እስኪሰሙ ጠበቁ። ከዚያ ስልካቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡና ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ሚስት ለስመኝ ደወሉ።

"ስመኝ፣ ያንቺውም ታርቆ ገባ? በይ እንግዲህ፣ ያልሽውን የሞተር ሳይክል ወሬ ሳይመሽ እንጀምረው።"