አዲሷ ደንበኛ

ሴትዮዋን ለዓመታት ያንገበገባት ምሳዋን ብቻዋን መብላቷ ነው። ባሏ ደግአረገ ጠዋት ከዳቦ ቤታቸው ዳቦውን በባጃጅ ጭኖ ለየሱቁ ሊያድል ከወጣ ወጣ ነው። «ለምሳ እንኳ ብቅ በል» ስትለው፣ «ደንበኛ ይቀድማል» ይልና መንገድ ላይ ቆሞ ሳምቡሳውን ይገምጣል።

ዘንድሮ ደግሞ አፕ የሚሉትን ስልኩ ላይ አስጫነ። ዳቦ ያዘዘውን ሁሉ በተራ አሰልፎ መንገድ ይመራዋል። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ስትለው ይታጠፋል፤ «ይመለሱ» ስትለው ይመለሳል።

«ለእሷ ሲሆን አቤት መታዘዝ!» አለችው ሚስቱ።

«እሷ አንቱ ትለኛለቻ!» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ ባጃጇ ደጃፋቸው ላይ ቆመች። «መድረሻዎ ላይ ደርሰዋል» አለች የስልኩ ሴት። ደግአረገ አራት ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ የገዛ በሩ ላይ አፈጠጠ።

«እዚሁ ሰፈራችን አዲስ ደንበኛ አዟል ብሎኝ እኮ ነው…»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለች ሚስቱ ፌስታሉን እየተቀበለችው። «ይግቡ፣ እጅዎን ይታጠቡ፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ። ለነገም አዝዣለሁ።»